ልጆች በሚውሉበት ቤት ቲቪው ቀኑን ሙሉ መከፈት አለበት ወይ?

መነሻ ጽሑፍ

ልጄ 2 ዓመት ሊሞላት ነው። እኔ ሥራ ስውል እሷ የምትውለው እዚሁ ደሴ፣ ሰፈራችን ውስጥ፣ አንዲት እናት ቤት ነው። እትዬ ነው የምንላቸው። ከእኔ ልጅ ሌላ 4 ልጆች ይይዛሉ። ንጹሕ ናቸው፣ ልጅ ይወዳሉ፣ በምግብ አይታሙም። ቲቪያቸው ግን አይጠፋም። ጠዋት ሳደርሳት ዜና፣ ለምሳ ብቅ ስል የተተረጎመ ድራማ፣ ማታ ስወስዳት ዘፈን። ብዙ ጊዜ ማንም አያየውም። ዝም ብሎ ይጮኻል።

እንደ እኔ ካርቱን ይሁን ድራማ የሚለው ሁለተኛ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ የሚያሳስበኝ ድምፁ ነው። ቤቱን ቲቪ ከሞላው ልጅን የሚያናግር ሰው ይጠፋል። በዚህ ዕድሜ ደግሞ ልጅ ቃል የሚለቅመው ከሚያናግረው ሰው አፍ ነው። ስለዚህ ልጅ የምታውሉ እናቶችም፣ ልጃችሁን ሰው ቤት የምታውሉ ወላጆችም ንገሩኝ። እናንተ ጋ መቼ ይከፈታል? መቼ ይጠፋል? የሚወስነውስ ማነው? እትዬን ሳላስቀይም ነገሩን እንዴት ላንሳው?

ይህን ጽሑፍ ከለጠፍኩ በኋላ መልሱ ብዙ ሆነ። ዘግይቶ ለገባ ሰው እንዲመች ፍሬ ነገሩን በየቁጥሩ አስቀምጣለሁ። የራሴንም ሐሳብ በመሃል ጣል አደርጋለሁ።

1. የመጀመሪያዋ ከኮምቦልቻ ናት። በሰላምታና በምርቃት ጀምራ ሙሉ በሙሉ ተስማማች። የእሷም ልጅ ከሚውልበት ቤት ሲመለስ መጀመሪያ የሚፈልገው ሪሞት ነው። እራቱን እንኳ ያለ ቲቪ አይጎርስም።

2. ውይይቱን ያጋለችው ይቺ ናት። ደሴ ውስጥ ቤቷ ልጅ የምታውል እናት ናት። ንግግሯ ጨዋ ነው፤ ግን አላለሳለሰችም። 5 ልጆች ትይዛለች፣ ትንሹ ገና ይድሃል። በሯ የሚንኳኳው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ነው። የመጨረሻው ልጅ የሚወሰደው ማታ 12 ሰዓት ላይ ነው። የአንዱን ዳይፐር ስትቀይር ሌላው ከሰል ምድጃው ጋ ይደርሳል። ለአንዷ አጥሚት ስታጠጣ ሁለቱ ይነካከሳሉ። ቲቪው ከተከፈተ ግን ትልልቆቹ አንድ ቦታ ይቀመጣሉ፣ እሷም ምሳቸውን ታደርሳለች። እናቶች ልጃቸው ሳይቃጠል፣ ሳይወድቅ፣ ጠግቦ እንዲጠብቃቸው ይፈልጋሉ። የሚከፍሉት ግን አንዲት ረዳት ለመቅጠር አይበቃም። ቲቪው ይዘጋ ካላችሁ ያን ሥራ ማን ይሥራው ብላ ጠይቃ ጨረሰች።

እኔ ከመልሶቹ ሁሉ ይቺን ነው ደጋግሜ ያነበብኳት። ከዚያ በኋላ የመጣው ክርክር ሁሉ ዞሮ ዞሮ እሷ ጥያቄ ላይ ነው የሚያርፈው።

3. አንድ አባት ነገሩን ለማብረድ ገባ። ጽሑፉ ሰው ለመክሰስ እንዳልተጻፈ ለ2ኛዋ አስረዳት። ለእኔ ደግሞ ምክር ሰጠኝ። ጠዋት በር ላይ፣ አንዱ ልጅ እያለቀሰ ሌላው ጫማውን እያወለቀ ሳለ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይነሳም። ቅዳሜ ወይም እሑድ ቡና ይዘሽ ሂጂና ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ አለኝ።

4. ወልዲያ ያለች ነርስ ቁጥር ይዛ መጣች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከ5 ዓመት በታች ላሉ ልጆች መመሪያ አውጥቷል። 2 ዓመት ላልሞላው ልጅ ስክሪን አይመከርም። ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት በቀን ከ1 ሰዓት መብለጥ የለበትም፣ ሲያንስ ደግሞ ይሻላል። ይኸው መመሪያ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ ይላል። ቁጭ በሚልበት ሰዓት ደግሞ ተረት ቢነገረው፣ መጽሐፍ ቢነበብለት ይመክራል። ነርሷ ያሰመረችበት ነገር አለ። ያ 1 ሰዓት ስልኩንም ይጨምራል። ልጁ ቀን የዋለበት ቤት ያየውና ማታ ቤቱ የሚያየው ይደመራል። ይቺን ብዙዎቻችን አናስባትም።

5. እዚህ ላይ ቃናው ተቀየረ። አንድ ሰው መመሪያው የፈረንጅ ነው ብሎ ተነሳ። የእሱ ልጆች ቲቪ እያዩ አድገው ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። መመሪያውን የጻፉት ሰዎች ደሴ ውስጥ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተው ያውቃሉ ወይ፣ ግቢ የሌለው ቤት ውስጥ ልጅ 180 ደቂቃ የት ይሮጣል ብሎ ጠየቀ።

ስለ ዩኒቨርሲቲው የተናገረው አያሳምነኝም። ስለ ቤቱ ያነሳው ግን እውነት ነው። በሐምሌና በነሐሴ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ፣ ዝናቡ ሳያባራ ሲውል ልጅ ወደ ውጭ አይወጣም። 5 ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ሲዘጋበት ምን እንደሚመስል ያየ ሰው ቶሎ አይፈርድም።

6. ነርሷ ተመለሰች። መመሪያው ለሁሉም አገር የወጣ ነው። ለእኔ ጥያቄ በጣም የሚቀርበው ግን ሌላ ጥናት ነው ብላ አመጣችው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ነው። 1፣ 2 እና 3 ዓመት የሆናቸው 50 ልጆች መጫወቻ ተሰጥቷቸው አንድ ሰዓት ተጫወቱ። ለግማሹ ሰዓት እዚያው ክፍል ውስጥ የአዋቂዎች የጥያቄና መልስ ፕሮግራም በቲቪ ተከፈተ። ልጆቹ ፕሮግራሙን ከልብ አላዩትም። ቀና እያሉ ገረፍ አድርገው ይመለሳሉ። ሆኖም ቲቪው ሲከፈት አንዱን ጨዋታ ይዘው የሚቆዩበት ጊዜ አጠረ። አንዱን ያነሳሉ፣ ይጥላሉ፣ ሌላ ያነሳሉ። በዓመቱ የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ቲቪ ከኋላ ሲጮኽ ወላጅ ለልጁ የሚያወራው እንደሚቀንስ፣ ሲያወራም ልብ ብሎ እንደማያወራ አሳየ።

መነሻ ጽሑፌ ላይ ለማለት የፈለግኩት ይህንኑ ነው። ማንም አያየውም ስለዚህ አይጎዳም የሚባለው ነገር ስህተት ነው። እትዬ ቤት ልጄ ኩባያ በኩባያ ላይ እየደረደረች ሳለ ቲቪው ላይ ሰው ሲጮኽ አይቻለሁ። እጇ አየር ላይ ቀረ። ዞር አለች። ስትመለስ ኩባያውን ረስታዋለች።

7. አንዲት እናት በደስታ ጻፈች። ልጇ ከካርቱን ብቻ ተምሮ በእንግሊዝኛ እስከ 20 ይቆጥራል፣ ቀለማትንም ያውቃል። ቲቪ ያስተምራል እንጂ አያደነዝዝም የሚል ነው አቋሟ።

8. አንድ መምህር በትሕትና መለሰላት። መቁጠሩ ጥሩ ነው፤ ግን ውሃ ሲጠማው በአማርኛ ይጠይቃል ወይስ እጅሽን ይጎትታል? አንድ የታወቀ ጥናትም ጠቀሰ፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። የ9 ወር አሜሪካውያን ሕፃናት ቻይንኛ ተናጋሪ ሰው ፊት ለፊታቸው ቁጭ ብሎ ሲያጫውታቸው የቋንቋውን ድምፆች መለየት ቻሉ። ያንኑ ሰው በቪዲዮ ያዩት ግን ምንም አልያዙም። ቃሉ አንድ ነው፣ ተናጋሪውም አንድ ነው። የሚመልስላቸው ሰው አለመኖሩ ነው ልዩነቱ።

9. ሌላዋ ገብታ ቲቪ ኦቲዝም ያመጣል፣ የጎረቤቴ ልጅ በዚያ ነው የተጎዳው ብላ ጻፈች።

10. ነርሷ በዚህኛው ተቆጣች። ኦቲዝም በቲቪ አይመጣም። እንዲህ የሚል ወሬ የልጁን እናት ከማሸማቀቅ በቀር ጥቅም የለውም። 18 ወር ሞልቶት አንድ ቃል ያልወጣው፣ ስሙ ሲጠራ የማይዞር ልጅ ካለ ጆሮውንም እድገቱንም ማስመርመር ነው እንጂ ሪሞት ደብቆ መጠበቅ አይደለም። በሐሳቧ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ቲቪን ለመቃወም ውሸት መጨመር አያስፈልገንም።

11. ሐይቅ ከተማ ያሉ አንድ ጋሼ ወሬውን ወደ ትዝታ ወሰዱት። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር ጀምሮ ልጆችን ያጫወቱትን አባባ ተስፋዬን አነሱ። ጋሼ ልጅ ሳሉ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበው ነው የሚያዩት። ሰላምታ ሲቀርብ ልጁ ሁሉ ብድግ ብሎ ይመልሳል። ቤቱ ቲቪ ያለው ሰው ደግሞ ዳንቴል ያለብሰዋል፣ በሳጥን ውስጥ ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ የሚከትም ነበር።

12 እና 13 በትዝታው ተከትለዋቸው ሄዱ። አንዷ አባባ ተስፋዬ በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ያለቀሰችውን አስታወሰች። ሌላው አኩኩሉ፣ ብይ፣ ሰኞ ማክሰኞ እያለ የሰፈር ጨዋታ ዘረዘረ። 14ኛው ግን ጋሼን ሳያቃልል ወደ ጉዳዩ መለሳቸው። የልጆች ፕሮግራም ያኔ ሰዓቱን ጠብቆ የሚመጣ ነበር። አልቆ ይጠፋል፣ ልጁም ውጭ ይወጣል። የአሁኑ ዲሽ 24 ሰዓት ነው፤ የካርቱን ቻናልም ማለቂያ የለውም።

15. ከሁሉም የከፋው መልስ ይኼ ነው። ሰውየው ማሳደግ ካልቻላችሁ ለምን ወለዳችሁ፣ እናት ቤቷ ብትቀመጥ ይህ ሁሉ አይመጣም ብሎ ጻፈ። ስድብም ነበረበት፤ እሱን አልደግመውም።

16. መልሱን የሰጠችው ኮምቦልቻ ፋብሪካ የምትሠራ እናት ናት። እሷም ስለታም ነበረች። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የወሊድ ፈቃድ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ቀን ነው። የ3 ወር ሕፃን ትታ በፈረቃ የምትገባ ሴት ደመወዟን ትታ ቤት ትቀመጥ የሚል ሰው የቤት ኪራዩን ይክፈልላት አለች። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር። እሷ የምታውቃቸው የመንግሥት ሠራተኞች እንኳ ልጆቻቸውን የሚያውሉት እንደሷው ሰው ቤት ነው። ልጇን የምትይዝላትን ሴት እንደ እናቷ እንደምታያት፣ ቲቪ ከፈተች ብላም እንደማትወቅሳት ጻፈች። ልጇ ግን አሁንም ቃል ዘግይቶባታል፤ ይኼ ያሳስባታል። ሁለቱንም በአንድ መልስ ውስጥ በመጻፏ አከብራታለሁ።

17. አንድ ሰው አብሽሩ፣ አትጣሉ ብሎ አለፈ።

18. ወልዲያ ያለች ሌላ እናት ማንም ያላነሳውን አነሳች። ልጇ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ሲመጣ ገና ትንሽ ነበር። በኋላ በሚውልበት ቤት ቲቪው ላይ የተኩስ ፊልም በተከፈተ ቁጥር ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ አልጋ ሥር ይገባ ነበር። ሴትየዋ መጀመሪያ ጨዋታ መስሏት ትስቅ ነበር። ከተነገራት በኋላ ፊልም በቀን ከፍታ አታውቅም። ደሴና ኮምቦልቻም ያኔ ያየነውን አይተናል። ስለዚህ ወሎ ውስጥ ልጅ የምታውሉ እናቶች፣ ይኼን እባካችሁ ልብ በሉ። ልጁ የሚያስታውሰውን እኛ አናውቅም። ዜናም ቢሆን ድምፁ ያው ተኩስ ነው።

19. 2ኛዋ ተመልሳ መጣች፤ በዚህኛው ረጋ ብላለች። መብራት የጠፋባቸውን ቀናት አስባ ነው የጻፈችው። መብራት ሲጠፋ ጠዋት ላይ ልጆቹ ይነጫነጫሉ፣ ቲቪውን እየጠቆሙ ያለቅሳሉ። ቆይተው ግን እቃ እቃ ይጀምራሉ። ትልቋ ልጅ እናት ትሆናለች፣ ትንሹን ታዝለዋለች። እንቅልፋቸውም ይረዝማል። እሷ ግን ማታ ወገቧ አይታጠፍም። ቲቪው ሲጠፋ ልጆቹ እንደሚሻላቸው አትክድም፤ ድካሙ በማን ጫንቃ ላይ እንደሚወርድ ግን ይታወቅ አለች።

20. ኮምቦልቻ ውስጥ ልጅ የምታውል ሌላ እናት ያላትን ዘዴ በዝርዝር አካፈለች። ጠቃሚ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ። ቲቪዋን ጠዋት ጨርቅ ታለብሰዋለች። ካልታየ ብዙም አይጠየቅም። እስከ 9 ሰዓት አይከፈትም። በትልቅ ሳፋ የጆግ ክዳን፣ የፕላስቲክ ሰሃን፣ የድሮ ነጠላ ቁራጭ ትሰጣቸዋለች። ትልልቅ ነገር ብቻ ነው፤ አፍ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ነገር የለበትም። ምሳውን ማታ አዘጋጅታ ስለምታድር ማሞቅ ብቻ ይቀራታል። ቡና ስታፈላ ከጎረቤት አንዲት እማማ ይመጣሉ፤ እሳቸው ተረት ተረት ሲሉ ልጆቹ የላም በረት ብለው ይቀበላሉ። 3 ዓመት ያልሞላቸው ባይገባቸውም አፋቸውን ከፍተው ያዳምጣሉ። ከቀኑ እንቅልፍ በኋላ ከፍላሽ የአማርኛ የልጆች መዝሙር ለግማሽ ሰዓት ትከፍታለች። የምትከፍተው 2 ዓመት ላለፋቸው ብቻ ነው። ፍላሹ ሲያልቅ ያልቃል፤ ጭቅጭቅ የለም። እሷም አብራ ቁጭ ትላለች፣ ላሟ የታለች እያለች ትጠይቃለች። የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር። ልጆቹ ሪሞቱን እያመጡ እጇ ላይ ያስቀምጡ ነበር።

21. አጭር ናት፣ ግን አትዘለል። ቲቪው ቡፌ ወይም ጠረጴዛ ላይ ከሆነ ልጅ ጎትቶ ራሱ ላይ ሊጥለው ይችላል። ግድግዳው ላይ ይታሰር። ገመዱም ከእጃቸው ይራቅ። ሪሞቱን ቲቪው አናት ላይ አታስቀምጡ፤ ልጅ ሊያወርደው ይንጠለጠላል።

22. አንዱ ሬዲዮስ፣ ጠዋት የሚከፈት መንዙማና መዝሙርስ ብሎ ጠየቀ። ጥቂት ተከራከሩበት። ነርሷ ድምፁ ዝቅ ካለና ሰው ከሰው ጋር ከሚነጋገርበት ሰዓት ካልተጋፋ ችግር አይታየኝም አለች። እኔም እንደዚያው ነኝ።

23. የመጨረሻዋ ስለ ስልክ ጠየቀች። ልጅ የምታውልላት ሴት ቲቪ የላትም፤ ሲያለቅስ ስልኳን ነው የምትሰጠው። ለዚህ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ቢከፈት ይሻላል።

የእኔ ነገር እዚህ ደርሷል። በ3ኛው ምክር እሑድ ቡናና ዳቦ ይዤ እትዬ ጋ ሄድኩ። ስለ ቲቪው ከማንሳቴ በፊት ሥራው እንዴት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ነገሩ የመጣው ከራሳቸው ነው። ትልቋ ልጃቸው ዓረብ አገር ናት። ጠዋት ዜና የሚከፍቱት ስለዚያ አገር ምን ይባል ይሆን እያሉ ነው። የቀረውን ቀን ቤቱ ጭር እንዳይል ነው እንጂ ድራማውንም አይከታተሉትም። ልጅቷ የምትደውለው ማታ ስለሆነ እስከዚያ ሆዳቸው አይረጋም። ይህን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም ነበር።

ተነጋግረን እዚህ ላይ ተስማማን። ዜናው ልጆቹ ሳይሰበሰቡ፣ እስከ 2 ሰዓት ይታያል። ከዚያ ይጠፋል። ከ9 ሰዓት በኋላ ለትልልቆቹ ብቻ የ20ኛዋን ፍላሽ እንሞክራለን። የ2ኛዋን ጥያቄ ደግሞ እናቶቹን ሰብስቤ አቀረብኩት። 12ኛን ጨርሳ ቤት የተቀመጠች የጎረቤት ልጅ ከ3 እስከ 7 ሰዓት እየመጣች እንድታግዛቸው፣ ክፍያውን እኛ እናቶቹ እንድንጋራው ሐሳብ አመጣሁ። ከ5ታችን 4ታችን እሺ ብለናል። አንዷ ኪራይ ተጨምሮባት ገና አልወሰነችም። እሷ እስክትወስን የእሷን ድርሻ እኛ እንሸፍናለን። ልጅቷ ሰኞ ትጀምራለች።